ሰባት ደቂቃ

አምና፣ የዓመቱ ፈተና ሊጀመር አራት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ይኸው ሌንስ ለኪ፣ እዚሁ ወንበር ላይ ሆኖ፣ «ጥፋቱ የሌንሱ አይደለም፤ የልጅሽ ዝርክርክነት ነው» ብሎ ለልጁ እናት ነገራት። ሌንሱ የልጁን ዓይን ልጦት ነበር። ሦስት ሳምንት በፋሻ ተሸፍኖ ከረመ፣ ፈተናው አለፈው፣ ስምንተኛ ክፍልን ደገመ። ሰውዬው ዛሬም ዓይኑን በጨው ታጥቦ «እንዴት ነህ ጎበዝ» ይላል።

ጎበዝ ይበለው።

የልጁ ዓይን የፊተኛው ገጽ እንደ ሾጣጣ ወደፊት ወጥቷል፤ መነጽር አይሠራለትም። የሚሆነው ሰፋ ያለ፣ በፈሳሽ ተሞልቶ የዓይኑ ነጭ ላይ የሚያርፍ ሌንስ ነው። ሌንሱ ሲገባ ከፍ ይልና ቀስ እያለ ይሰምጣል። ሠላሳ ደቂቃ ሳይቆይ ከተለካ፣ ኋላ ሾጣጣውን ይፈትገዋል። ይህን ልጁ በገዛ ዓይኑ ነው የተማረው።

ለኪው የመሞከሪያውን ሌንስ ካስገባለት ገና ሰባት ደቂቃው ነው። በመብራት አየት አደረገና ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ።

«ማዘዣው ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ከዚያ ካለፈ ለፈተናው አይደርስለትም» አለ። «ግን አትስጊ እህቴ፣ አሁን ኤ.አይ. አለን። ጠይቆኝ፣ መልሼለት፣ ልኩን ይነግረኛል። እንደ ሰው አይሳሳትም።»

«ተመስገን» አለች እናቱ።

ስክሪኑ ላይ ጥያቄ ወጣ፦ «ሌንሱ ከገባ ስንት ደቂቃ ሆነው?» ልጁ ካለበት ሆኖ አነበበው። ከዚህ ርቀት ፊደል ለይቶ ካየ ሁለት ዓመት አልፎታል። ደስ ሊለው ሲል ሰውዬው «30» ብሎ ጻፈ። ማሽኑ ምን ያድርግ፣ የነገሩትን አመነ፦ «ከ30 ደቂቃ በኋላ በሌንሱና በዓይኑ መካከል ያለው ክፍተት ይህን ያህል ከሆነ ልኩ ጥሩ ነው። ማዘዝ ይቻላል።»

«ሠላሳ ብለው ጻፉ እኮ» አለ ልጁ። «ገና ሰባት ነው።»

ሰውዬው ከስክሪኑ ወደ ልጁ ዞረ። ከዚያ ፊቱ በራ።

«ከዚያ ሆነህ አነበብከው? አየሽ እህቴ፣ ለሌንሱ ልክነት ምስክሩ ይኸው። በይ እዚህ ጋ ፈርሚ።»

እናቱ እስክሪብቶውን ተቀበለች፤ ግን አልፈረመችም። ልጇን አየችው።

«ታዲያ ጎበዝ፣ ተመችቶሃል አይደል? ልላከው?» አለ ሰውዬው።

«መልስላቸው እንጂ ልጄ» አለች እናቱ።

ልጁ ሌንሱን እንዳደረገ ተነሥቶ ወጣና ኮሪደሩ ላይ፣ ከግድግዳው ሰዓት ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ከኋላው እስክሪብቶው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማው።

ሰዓቱ ጥርት ብሎ ታየው። ለስድስት አሥራ ሦስት ደቂቃ ይቀረዋል። ለሌንሱ ሠላሳ ደቂቃ ደግሞ ሃያ ሦስት።