ወደ ግድግዳ የዞረ እጀታ

የምግብ ቤቱን ሠራተኞች ልታሠለጥን የመጣችው ሴት የሞተችው ቤቱ ለደንበኛ ሳይከፈት፣ ሽንኩርቱ ገና እየተከተፈ ሳለ ነው። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ወደ ምድር ቤቱ መጋዘን በሚያወርደው ደረጃ ግርጌ፣ አንገቷ ተቆልምሞ፣ አንድ ጫማዋ ወልቆ ተገኘች። የደረጃው አናት በዘይት ርሷል። ያየ ሁሉ ያንኑ አለ፦ አንሸራትቷት ነው።

መርማሪው ሆዱ የገፋ፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ ደረጃ የሚባል ነገር የሚጠላ ሰው ነበር። ቢሆንም ዘይቱን ተሻግሮ፣ እያቃሰተና የሠራውን አናጢ እየረገመ እስከ ታች ወረደ። የወለቀውን ጫማ አንስቶ ሶሉን በጣቱ ዳበሰው፤ ደረቅ ነው። በእግሯ ያለውንም ዳበሰ፤ እሱም ደረቅ። ዘይት ረግጦ የወደቀ ሰው እንዲህ ያለ ንጹሕ ሶል አይኖረውም። ዘይቱ የፈሰሰው ከወደቀች በኋላ ነው።

ሲመለስ ከደረጃው አናት ባለው መደርደሪያ ላይ አንድ የዘይት ጆግ አየ። የጆጉ ቦታ ምድጃው አጠገብ እንደሆነ ነገሩት። እጀታው ወደ ግድግዳው ዞሯል፤ ሊያነሳው የፈለገ ሰው እጁን ከኋላ በኩል መስደድ አለበት። መርማሪው አጎንብሶ ብዙ አየው፤ ከዚያ ማንም እንዳይነካው አዘዘ።

መጀመሪያ ያነጋገረው የምግብ ቤቱን ባለቤት ነው፤ አሠልጣኟ ምን ልትሠራላቸው እንደመጣች ጠየቀው።

«እቅድማ ሞልቶን ነበር» አለ ባለቤቱ ዓይኑን እየጠራረገ። «በየዓመቱ እናቅዳለን፣ ትንሽ እንፍጨረጨራለን፣ ከዚያ እንረሳዋለን። እሷ መጥታ 'ለአንድ ሰው አንድ ነገር ብቻ ስጡት፤ እጁ ሳያስብ እስኪሠራው ድረስ ሌላ አትጨምሩበት' አለችን። በየጠዋቱ ቆመን እንነጋገራለን፤ ሁሉም የራሱን አንድ ነገር ይዟል።»

«የእርስዎ ምን ነበር?»

«ሰው ፊት ሠራተኛ አለመሳደብ።» ባለቤቱ ጢሙን ዳበሰ። «ከባድ ነው፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ማን ይጠላት ነበር?»

«ዛሬ የሥልጠናው መዝጊያ ነበር። የጠዋቱን ስብሰባ ማን እንደሚረከብ ልትናገር ነበር። ለእኔ ትናንት ነግራኛለች።» ወደ መርማሪው ጆሮ ጠጋ ብሎ አንድ ነገር አንሾካሾከ። መርማሪው ራሱን ነቀነቀ።

«ለማንም እንዳይተነፍሱ» አለው።

የባለቤቱ አማች አዳራሹን የሚቆጣጠር፣ ሽቶው ከሩቅ የሚጠራ ጎልማሳ ነው። የእሱ አንድ ነገር ደንበኛ ሲገባ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ሰላም ማለት ነበር፤ ከመርማሪው ጋር ሲያወራ ግን ስልኩን ሁለቴ አየ።

«እውነቱን ልንገርህ፣ ወንድሜ፣ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥታን ነበር። ግን እኔ ምን አስፈራኝ? በእሷ ምክር የሚባረረው ጄኔራል የምንለው ምግብ አብሳይ እንደሆነ ቤቱ በሙሉ ያውቃል!»

አስከሬኑን ያገኘችው ዋና አስተናጋጇ ናት። ከአሠልጣኟ ጋር ትናንት ተጯጩኸዋል።

«ጮኼባታለሁ፤ አልክድም» አለች። «ወደ ጓዳ ባዶ እጅሽን አትመለሺ፣ ሁልጊዜ የሚነሳ ነገር አለ፣ እያለች አደረቀችኝ። ዛሬም ሁለት እጄን ሙሉ ባዶ ጠርሙስ ይዤ ወደ መጋዘን ስሄድ ነው ያየኋት። ሁሉንም ለቀቅኩት።»

የጠርሙሱ ስብርባሪ አሁንም ደረጃው አጠገብ ተበትኖ ነበር። መርማሪው እሷን በልቡ ነጻ ለቀቃት። ሁለት እጁ የተያዘ ሰው ዘይት አይደፋም።

ጄኔራሉ ዋናው ምግብ አብሳይ ነው። ስሙን ያወጡለት ወጥ ቤቱን እንደ ጦር ሰፈር ስለሚያዝ ነው፤ ለመርማሪውም ከምድጃው ዞር አላለለትም።

«ዘይቱን ማን አፈሰሰው?»

«እኔ ምን አውቄ! ጆጉን ዛሬ በእጄ አልነካሁትም። የምሠራው ሾርባ ነው።»

«የእርስዎስ አንድ ነገር ምን ነበር?»

«እጀታ!» አለ ጄኔራሉ በንቀት። «የድስት እጀታ ወደ ውጭ ስለወጣ አንድ አስተናጋጅ በክርኑ መታው፤ ልጁ ተቃጠለ። ጥፋቱ የአንተ ነው ተባልኩ። ከዚያ የምትይዘውን ዕቃ ሁሉ እጀታ ወደ ግድግዳ አዙር ተባለ! እኔ እዚህ ያረጀሁ ሰው፣ እጄን ልታስተምረው! አንድም ቀን አላዞርኩላትም። ይኸው!» የሾርባውን ድስት ገፍቶ እጀታውን ወደ መተላለፊያው አወጣው።

መርማሪው አመስግኖ ወጣ። ከበሩ ዘወር ብሎ ሲያይ ጄኔራሉ ሾርባውን አማስሎ ወደ ስጋው ዞሯል። መርማሪው ምድጃውን ትንሽ አየና መንገዱን ቀጠለ።

ከምሳ በፊት ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ፣ ግድግዳ ተጠግቶ በተቀመጠ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰባቸው። ሻይ በትልቅ ማንቆርቆሪያ አስመጣ።

«ጉሮሮዬ ደርቋል። እናንተም ቅዱ፤ ነገሩ ረዘም ይላል።»

ማንም ሻይ አላማረውም፤ ፖሊስ ሲያዝ ግን ይቀዳል። ባለቤቱ ቀድቶ ማንቆርቆሪያውን ለራሱ እጅ እንዲመች አድርጎ አስቀመጠ። አማቹ እጀታውን ከጠረጴዛው ጫፍ አስወጥቶ ተወው። አስተናጋጇ ለመርማሪው ቀድታ እጀታውን ወደ እሱ አዞረች። በመጨረሻ ጄኔራሉ ፊቱን አጨፍግጎ ቀዳና አስቀመጠው።

«አሁን ማንም እንዳይነካው» አለ መርማሪው።

ከወንበሩ ተነሳ።

«አሠልጣኟ አላንሸራተታትም፤ ጫማዋ ደረቅ ነው። ተገፍታ ወድቃለች፤ ዘይቱ የፈሰሰው ለማስመሰል ነው። የገፋት ሰው ጆጉን ከምድጃ አምጥቶ ደፋ። የጠርሙስ ኳኳታ ሲሰማ ግን ደነገጠ፤ ጆጉን መደርደሪያው ላይ አስቀምጦ ሸሸ። የደነገጠ ሰው አያስብም፤ የሚሠራው እጁ ነው። እዚህ ቤት ደግሞ እጃችሁ እንዲማር አንዲት ሴት ስትለፋ ከርማለች። ጆጉ እጀታው ወደ ግድግዳ ዞሯል። አሁን ማንቆርቆሪያውን እዩት።»

ሁሉም አዩት። እጀታው ግድግዳውን ሊነካ ምንም አልቀረው።

ጄኔራሉ ብርጭቆውን ገፋ አደረገው። «ሻይ ነው እንጂ ይሄ ምን ማስረጃ ነው?»

«ድስቱን ፊቴ ወደ ውጭ አወጡት፤ ጀርባዬን ሳዞር መልሰው ወደ ግድግዳ አዞሩት። አላወቁትም። ጆጉን አልነካሁትም ብለዋል፤ የጣትዎ አሻራ ግን ላዩ ላይ፣ ዛሬ በተንጠባጠበው ዘይት ውስጥ ይገኛል፤ ለምርመራ ልኬዋለሁ።»

ጄኔራሉ አማቹን አየ፣ ባለቤቱን አየ፣ ከዚያ አቀረቀረ።

«ደረጃው ላይ አገኘችኝ» አለ ድምፁ ተሰብሮ። «'ዛሬ ስለ እርስዎ የምናገረው አለኝ' አለችኝ፤ እየሳቀች። ከምድጃዬ ልታስነሳኝ ነው፣ ይባስ ብላ ትስቅብኛለች ብዬ ደሜ ፈላ። ገፋኋት። ልገድላት አልነበረም፤ በእግዜር ስም፣ ልገድላት አልነበረም።»

መርማሪው ወደ ባለቤቱ ዞረ። «በጆሮዬ የነገሩኝን አሁን ይንገሩት።»

የባለቤቱ እንባ ጢሙ ላይ ወረደ።

«የጠዋቱን ስብሰባ አንተ እንድትረከብ ነበር የመረጠችህ» አለው። «'ከሁሉም የበረታው እሱ ነው' አለችኝ። 'እጁ ተምሯል፤ የቀረው አፉ ብቻ ነው። ራሴ ላብስረው' አለችኝ።»

ጄኔራሉ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ የሌላ ሰው ይመስል አያቸው። ከዚያ እንደ ሕፃን ጮኾ አለቀሰ፤ ሊያጽናናው የተነሳ ሰው አልነበረም።

ሲወስዱት በወጥ ቤቱ በኩል አለፉ። ምድጃው ላይ የተደረደሩት ድስቶች እጀታቸው በሙሉ ወደ ግድግዳ ነበር። አስተናጋጇ እያለቀሰች ከኋላቸው ተነሳች፤ ባዶ እጇን ግን አልሄደችም፣ የሻይ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ይዛ ነበር።