እትዬ ዓቢዳ የያዙት ጉርድ ፎቶ

ይህ በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። አታምኑም፤ አውቃለሁ።

"ጅብ ሆነ"፣ "ቡዳ በላው" ሲባል "ኧረ በስማም!" እያላችሁ የምታጋሩ ሰዎች፣ እውነተኛውን ነገር ስትሰሙ እንደምትስቁ አውቃለሁ። ሳቁ። እኔም ስቄ ነበር።

ቦታው መርሳ ነው። ቀኑ ረቡዕ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጨለማ የምትጠብቁ ካላችሁ... ጨለማ የለም።

ይታገሱ እባላለሁ። ወልድያ ፎቶ ቤት አለኝ። አሮጌ የካሜራ ሌንስ አውቃለሁ፤ ሲበዛ አውቃለሁ። ዛሬ በስልኩ ፊት እያለሰለሰ "ፎቶ አንሺ ነኝ" የሚለው ሁሉ፣ ባለ ሦስት እግሩን የእንጨት ካሜራ ብትሰጡት ጨርቁን ለብሶ ይተኛበታል እንጂ አንድ ፊት አያወጣም። ደላሎቹማ ይብሳሉ። ነሐስ ነገር ካዩ "ንጉሡ የተነሱበት ሌንስ ነው" ይላሉ። ንጉሡ ሥራ አልነበራቸውም እንዴ? ሲነሱ ነው የኖሩት?

የደወሉልኝ እትዬ እታፈራሁ ናቸው። ባለቤታቸው ጋሽ አበባው መርሳ ላይ አርባ ዓመት በእንጨት ካሜራ ፎቶ ያነሱ ሰው ነበሩ፤ ዐምና ሞቱ።

"ሌንሱን መጥተህ እይልኝ። ምን እንደሆነ ንገረኝና ውሰደው፤ ቤቴ ውስጥ አልፈልገውም" አሉኝ።

ሚኒባስ ይዤ ወረድኩ።

እውነቱን ለመናገር ጋሽ አበባውን በሕይወት ሳሉም እንቃቸው ነበር። ለምን መሰላችሁ? ከሐብሩ ገጠር ሁሉ፣ ከግራናም ከየትም፣ ልጆቻቸው በጅቡቲ በኩል ሳዑዲ ሄደው የጠፉባቸው እናቶች የልጃቸውን ጉርድ ፎቶ ይዘው ወደ እሳቸው ይመጣሉ። እሳቸው ለዚህ ብቻ ያስቀመጡት አንድ ሌንስ ነበራቸው። ፎቶውን የጓሮው ግድግዳ ላይ ይሰኩና ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንበው ከካሜራው ጀርባ ባለው መስታወት ያዩታል። ምስሉ ተገልብጦ ከታየ "ልጅሽ አለ" ይላሉ። ቀጥ ብሎ ከታየ ግን ምንም አይሉም። ሌንሱን ከድነው በጓሮ በር ይወጣሉ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች መርዶ ይዘው የዚያችን እናት በር ያንኳኳሉ።

ወይ መርሳ! ማንኛውም ሌንስ ምስሉን ገልብጦ ነው የሚያሳየው። ብርሃን እንደዚያ ነው፤ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ቀጥ አድርጎ የሚያሳይ ሌንስ የለም። ሽማግሌው ሲዋሹ ኖረው ሞቱ ብዬ ደምድሜ ነበር።

ካሜራው ጓሮ ውስጥ፣ ከግድግዳው ፊት ለፊት እንደቆመ አገኘሁት። ሌንሱ ነሐስ ነው። ስሙ የተቀረጸበትን ቦታ አንድ ሰው በሞረድ ፍቆታል።

ስም የሌለው ሌንስ ደላላን እንጂ እኔን አያደናግረኝም። ፊትና ኋላውን ትፈቱትና፣ ከመስኮት አጠገብ ዘንበል አድርጋችሁ መስታወቱ ላይ ስንት የመስኮት ነጸብራቅ እንዳለ ትቆጥራላችሁ። ደማቁ ነጸብራቅ መስታወቱ አየር የሚነካበት ነው። ደብዛዛው ሁለት መስታወት በሙጫ የተጣበቀበት ነው። የፊተኛው ግማሽ፣ ሁለት ደማቅ አንድ ደብዛዛ። የኋለኛውም ሁለት ደማቅ አንድ ደብዛዛ። መንታ ነው! ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው፣ ፊት ለማንሳት የሚመረጥ ሌንስ ነው።

ስታዘነብሉት ነጸብራቆቹ ይንሸራተታሉ። ደንቡ ነው።

የኋለኛው ደብዛዛ ግን አልተንሸራተተም...

እንደገና አዘነበልኩት። ትንሿ መስኮት ባለችበት ነች።

ሙጫው አርጅቷል አልኩ። ነገሩ ያልገባው ባለሙያ ሁልጊዜ የሚለው አያጣም።

"ጨረስክ?" አሉ እትዬ እታፈራሁ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል።

"ጥሩ ሌንስ ነው። እወስደዋለሁ።"

"ከመውሰድህ በፊት ለዓቢዳ እይላት።"

ዘወር ስል የጓሮው በር ላይ አንዲት ቀጭን ሴትዮ ቆመዋል። ጎረቤታቸው እትዬ ዓቢዳ ናቸው። ኡበይደላ የሚባል አንድ ልጅ አላቸው። ከሄደ አራት ዓመቱ ነው፤ አንድም ቀን አልደወለም። ወንድሞቻቸው ቅዳሜ ድንኳን ሊጥሉ ቆርጠዋል። ለቅሶው ይለቀስ፣ ሰደቃው ይውጣ፣ ነገሩ ይብቃ ብለዋል። እናትየው እምቢ አሉ።

"እስከ ቅዳሜ ካላወቅሁ ያስለቅሱኛል" አሉኝ። "በሕይወት ላለ ልጅ ማልቀስ ሟርት ነው፣ የኔ ልጅ። ስለ አላህ ብለህ እይልኝ።"

ናቅኋቸው። ደብቄ ምን አገኛለሁ? ፊቴ ላይም ሳይታይ አይቀርም። ግን ሌንሱን መሞከር ነበረብኝ፤ የፎቶ ወረቀትም ይዤ ነበር።

"እሺ፣ ፎቶውን ስጡኝና ልሰካው።"

"ከእጄ አይወጣም። ያለኝ ይኸው ብቻ ነው።"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አልኩ በሆዴ።

"እንግዲያው ይዘውት ይቁሙ።"

እትዬ እታፈራሁ ክንዴን ጨመደዱኝ።

"ሰው አይቆምም..." አሉ በሹክሹክታ። "ፎቶው ብቻ ነው።"

"ለምን?"

"እንጃ። አበባው ሰው አስቁሞ አያውቅም። እኔን እንኳ አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን በዚህ አላነሳኝም።"

"እትዬ፣ መስታወት እኮ ነው!"

እትዬ ዓቢዳ ግድግዳው ጋ ቆሙ። ጉርድ ፎቶዋን ከታች በኩል በጣቶቻቸው ይዘው ወደ ሌንሱ ዘረጉ። ካሜራውን አስጠጋሁት። ፎቶዋና እጃቸው ብቻ ይገባሉ። ጨርቁን ተከናነብኩ።

ምስሉ ቀስ እያለ ጠራ።

ኡበይደላ ተገልብጧል። ራሱ ወደ ታች።

"ልጅዎ አለ!" አልኩ፣ እዚያው ጨርቁ ውስጥ እየሳቅኩ። ይኼው ነው ጥበቡ? ይኼን ለማየት ነው ከግራና ድረስ በእግር የሚመጣው?

"አልሐምዱሊላህ... ያ ረቢ፣ አልሐምዱሊላህ..."

ሲያለቅሱ ይሰማኛል።

እኔ ግን ሳቄን አቆምኩ።

እጃቸው...

እጃቸው አልተገለበጠም።

ልጁ ከተገለበጠ እጁም መገልበጥ አለበት። ከላይ ወርዶ ልጁን በደረቱ በኩል መያዝ ነበረበት። መስታወቱ ላይ ያለው እጅ ግን ከታች ነው የመጣው። ክንዱ ከታች፣ ጣቶቹ ወደ ላይ። ልጁን የያዘው በፀጉሩ በኩል ነው።

ጨርቁን ገለጥኩ። ሴትዮዋ ፎቶዋን እንደ መጀመሪያው በደረቱ በኩል ይዘዋል።

ተመልሼ ገባሁ።

በፀጉሩ...

"ምን ሆንክ?" አሉ እትዬ እታፈራሁ።

"ምንም።"

ምሳ ስላልበላሁ ነው አልኩ። ፀሐዩ ነው አልኩ። ወረቀቱን አስገባሁ። ያ ሌንስ መዝጊያ የለውም፤ ክዳኑን በእጄ አነሳሁ፣ አምስት ቆጠርኩ፣ መልሼ ከደንኩ።

መናገር እችል ነበር። "እትዬ ዓቢዳ፣ ዛሬ ብቻዎን አይደሩ" ማለት ምን ይከብዳል? አላልኩም። እኔ የተማርኩ ሰው ነኛ! እኔ ነጸብራቅ ቆጣሪ ነኝ! ሲመርቁኝ እጃቸውን ጨበጥኩ። ሞቃት ነበር።

ሐሙስ ለሱብሒ ሶላት አልተነሱም። እንደተኙ አገኟቸው።

ድንኳኑ ቅዳሜን አልጠበቀም፤ ሐሙስ ተጣለ።

ቅዳሜ ለቅሶ ልደርስ ሄጄ እዚያው ተቀምጬ ሳለሁ የሟቿ ስልክ ጮኸ። ወንድማቸው አነሳው። ኡበይደላ ነበር። ሳዑዲ ታስሮ ኖሮ በዚያ ቀን መፈታቱ ነው።

"እናቴን አገናኙኝ" አለ።

ድንኳን ሙሉ ሰው ወደ መሬት አየ።

ከዚያ ወዲህ አርብ አርብ ከጁምዓ በፊት ይደውልልኛል።

"ይታገሱ፣ ፎቶ አንስተሃታል አሉኝ። እናቴ በሕይወቷ ተነስታ አታውቅም። እጇ ብቻም ቢሆን ላክልኝ።"

"ነገ እልክልሃለሁ" እለዋለሁ።

እንዴት ልላክለት? አጥቤ አትሜዋለሁ። ልጁን ቀጥ ስታደርጉት የእናትየው እጅ ከላይ ወርዶ ፀጉሩን ይዟል። እጁን ቀጥ ስታደርጉት ልጁ ተዘቅዝቋል። ይህ ለልጅ ይላካል? እየፈራሁ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩት። ያን ሁሉ ሰው ስንቅ ኖሬ፣ የመጨረሻው የምንቀው ሰው እኔው ሆንኩ።

ዛሬ አርብ ነው።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፎቶ ቤቱን ከፈትኩ። ይብቃ፣ ዛሬ ልላክለት ብዬ መሳቢያውን ሳብኩ።

ፎቶው...

ፎቶው ትክክል ነው።

እጁ ከታች ነው። ልጁም ቀጥ ብሏል። በደረቱ በኩል ነው የተያዘው። ማንም ቢያየው አንዲት እንከን አያገኝበትም።

አዙሬ አየሁት። እጁም ልጁም አብረው ተገለበጡ። መለስኩት። አብረው ቀጥ አሉ።

ስልኬ ጮኸ። የእሱ ቁጥር ነው።

"ኡበይደላ?"

ፎቶውን በሌላው እጄ እንደያዝኩ ነው።

"ኡበይደላ፣ ትሰማኛለህ? አሁኑኑ እልክልሃለሁ። ይቅርታ አድርግልኝ፣ አሁኑኑ..."

"ተወው" አለኝ።

ድምፁ ከሳዑዲ የሚመጣ አይመስልም። አጠገቤ ነው።

"አትላከው፣ ይታገሱ። ይዛኛለች።"

ስልኩ ተዘጋ።

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰድኩት።

ጣቶቹ የጉርዷን ፎቶ ጠርዝ አልያዙም።

ትከሻው ላይ ናቸው።