ከንፈሯ ላይ የነበረው ቅቤ

ዋና ሳጅን ዋልልኝን የሰደበው መምህር ቀለመወርቅ ነው። ቀኑ ኅዳር 10 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ፤ ቦታው ደብረ ታቦር፣ የማታ ትምህርት ዘጠነኛ ክፍል፤ የሰሙት ሠላሳ ሰባት ተማሪዎች። ዋልልኝ ያን ጊዜ አሥር አለቃ ነበር። መምህሩ ድርሰቱን ለክፍሉ እያነበበ አሥራ አንድ ግድፈት ቆጠረና፣ «አሥር አለቃ፣ አንተ ሌባ ያዝ፤ ፊደልን ግን ልቀቃት፣ ምንም አልሰረቀችም» አለው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዋልልኝ ደብተሩን ጠቅልሎ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ለመማር ብሎ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም።

አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ጥቅምት 14 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ከከተማው ዳር ካለ አንድ የግብርና ኮሌጅ ስልክ ተደወለ። ሰው ሞቷል አሉ።

የሞተችው የምስራች ትባላለች። የእብናት ገበሬ ልጅ ናት፤ ቤይሩት ስድስት ዓመት የሰው ቤት ሠርታ ተመልሳ፣ በሃያ ሰባት ዓመቷ ከልጆች እኩል ኮሌጅ ገባች። ለኮሌጁ የምግብ ዳኝነት ቡድን አውራ እሷ ነበረች። ኮሌጆች በየዓመቱ ባሕር ዳር ላይ ይወዳደራሉ። ቁጥር ብቻ የተጻፈበት ሳህን ይቀርባል፤ የማን እጅ እንደሠራው አይነገርም። ዳኛው ያሸታል፣ በጣቱ ያሻል፣ ይቀምሳል፣ ይተፋል፣ ነጥብ ይሰጣል። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ ተጉመጥምጦ፣ ቁራሽ ዳቦ አኝኮ ወደሚቀጥለው ሳህን ያልፋል። የዘንድሮው ውድድር በቅቤ ነበር፤ ልምምዱም በቅቤ።

ዋልልኝ ሲደርስ የጉና ጉም እስከ መስኮቱ ወርዶ ነበር። የምስራች ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታለች። ቀና ሲያደርጓት ከንፈሯ አብረቀረቀ። ቅቤ ነው። ላይኛውም ታችኛውም፣ ሰው ተጠንቅቆ እንደቀባው ሁሉ፣ እኩል ወዝቷል። ዋልልኝ ብዙ ሬሳ አይቷል፤ እንዲህ ያለ አፍ ግን አላየም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያ ከንፈር አለቀቀውም። በሻይ ብርጭቆ አፍ ላይ ያየዋል፤ ጉም ባረጠበው መስኮት ላይ ያየዋል። ሚስቱ ወጥ ስታቀርብለት የቅቤው ሽታ ገና ከበር ይመልሰዋል።

ከፊቷ የድርሻዋ አራት ሳህን ነበር። 417 ከሚለው በማንኪያ ተዝቋል። ሦስቱ ዳኞች ስማቸው የተጻፈበት ኩባያ አላቸው። የሌሎቹ ሁለቱ፣ የናትናኤልና የጥሩነሽ፣ ኩባያ ውስጥ የውሃ ጭላጭና የዳቦ ፍርፋሪ አለ። የምስራች ኩባያ ግን ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተደፍቷል። ዋልልኝ ይህን ጻፈና ሰዎቹን አንድ በአንድ ጠራቸው።

መጀመሪያ ጥሩነሽ ገባች፤ ከሟች ጋር አንድ ክፍል የምታድር ተማሪ ናት፣ ሬሳውንም ያገኘችው እሷ ነች።

«ልምምዱ መቼ አለቀ?»

«በሰባት ሰዓት ጀመርን፣ ስምንት ተኩል ላይ ወደ ክፍል ሄድን። እሷ ወረቀቷን ልጨርስ ብላ ቀረች። ጋሼ፣ ከእንግዲህ እዚያ ቤት አታስገቡኝ።»

«ምነው?»

«አሁንም ታሸታለች። ሳህን ስታነሳ ትንፋሿን ወደ ውስጥ የምትስበው ነገር አላት። ወንበሩ ባዶ ነው፤ እኔ ግን ስትስብ እሰማለሁ።»

ዋልልኝ አልሳቀባትም።

ቀጥሎ ዲያቆን ናትናኤል መጣ፤ ሦስተኛው ዳኛ። ዓይኑን ከወለሉ አላነሳም።

«ቅቤውን ስትቀምስ አይተሃታል?»

«ነጥብ ስትሰጥ አይቻለሁ።»

«እሱን አልጠየቅሁህም።»

ዋልልኝም ጥያቄውን ጻፈና ከሥሩ አሰመረበት።

ሦስተኛው አያሌው ነው፤ የቤተ ሙከራው ጠባቂ፣ የአንበሳሜ ሰው፣ ሳህን የሚያሰናዳና ውሃ የሚያሞቅ።

«ቁጥሩን ማን ያወጣል?»

«እኔ። የማን ቅቤ በየትኛው ቁጥር እንደገባ ከእኔ በቀር አንድም ሰው አያውቅም። መምህሩም ቢሆኑ። ደንቡ ነው።»

«417 የማን ነው?»

«የመምህር ቀለመወርቅ። ባለቤታቸው እመት ማሬ ናቸው የላኩት።»

«ከልጅቱ ጋር ጠብ ነበራችሁ?»

«ምን ጠብ አለን። አንድ ቀን ብቻ፣ ነሐሴ 28፣ ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ስለ አንድ ቅቤ የማይሆን ነገር ተናግራ ነበር። ረስቼዋለሁ።»

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ለአፍታ ቆመ። ዋልልኝ ለምን እንደቆመ ለራሱም አልገባውም።

መጨረሻ ላይ የቡድኑ አሠልጣኝ፣ መምህር ቀለመወርቅ፣ ገባ። ሸብቷል፤ ድምፁ ግን ያው ነው።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመልሰው ገብተዋል ይባላል።»

«ቦርሳዬን ረስቼ። ጀርባዋን ነው ያየሁት፤ የምትጽፍ መስሎኝ ወጣሁ።»

«ባለፈው ሳምንት ከቡድኑ አስወጣሻለሁ ብለዋታል።»

«ብያታለሁ። የምትተፋበት ጣሳ ሁልጊዜ ደረቅ ነው። ቅቤ የሚውጥ ዳኛ አራተኛው ሳህን ላይ ምላሱ ይደነዝዛል፤ ይህን ለአንተ ማስረዳት ይከብዳል።» ከዚያ አተኩሮ አየው። «ቆይ፣ አንተን የት ነው የማውቅህ?»

አላስታወሰውም። ዋልልኝ ዓመታት ሙሉ የተሸከመውን ሰውየው በዚያው ማታ ጥሎት ወደ ቤቱ ሄዷል።

ሰኞ ዕለት ከባሕር ዳር ውጤት መጣ። መርዝ፤ በሆዷም በ417 ሳህንም። ኮማንደሩ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ።

«ቅቤው የሱ፣ ዛቻው የሱ፣ ገብቶ የወጣውም እሱ። ሰውየውን ይዘነዋል። ነገ ጠዋት ለዓቃቤ ሕግ ይሄዳል፤ ፈርምበት።»

ዋልልኝ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። የሚያምር ወረቀት ነበር። የተማረ ሰው፣ በዚያ ሁሉ አንደበቱ፣ በእሱ በዘጠነኛ ክፍል አቋራጩ ፊርማ ወኅኒ ሊወርድ ነው። እስክሪብቶውን አነሳ። ያ ከንፈር ወረቀቱ ላይ መጥቶ አብረቀረቀ።

ይኼኔ በሩ ተንኳኳ። የሟች እናት እመት የሺ ከእብናት መጥተው ኖሯል። ወንበር ቢሰጣቸው አልተቀመጡም።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው የመጣሁ። ከንፈሯ ላይ ቅቤ ነበር አሉኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ እናቴ።»

«እንግዲያ ልጄ ስለቷን አፍርሳ ሄደች።»

«የምን ስለት?»

«የጽጌን ጾም። በይበልጥ መነኮሳት ናቸው የሚጾሙት፤ ለእንደኛ ያለው በፈቃድ ነው። እሷ ግን ቤይሩት ሳለች፣ በሰላም አገሬ ካስገባሽኝ በየዓመቱ እጾምልሻለሁ ብላ ለእመቤታችን ተስላለች። ለሰው አትናገርም። መሞቷን እንደምንም ችየዋለሁ። ቅቤ በአፏ ይዛ መሞቷን ግን አልቻልሁም።»

ዋልልኝ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሐኪሙ የጻፈውን ሲያገላብጥ «በአፍ ውስጥ የዳቦ ፍርፋሪ» የሚል አገኘ፤ ቅቤ የሚል የለም። ፈርሞ ቢተወው ማንም አይጠይቀውም፤ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ቆቡን አጠለቀና ናትናኤልን ፍለጋ ሄደ።

ማክሰኞ ጠዋት ሁሉንም በዚያው ቤት ሰበሰባቸው። ቀለመወርቅ በሁለት ፖሊስ መሃል ቆሟል። እመት የሺ በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ጥሩነሽ ጀርባዋን ለባዶው ወንበር ሰጥታለች።

«ናትናኤል፣ ትናንት የነገርኸኝን ድገመው» አለ ዋልልኝ።

«ቅቤውን አፏ አስገብታው አታውቅም» አለ ልጁ። «ከመስከረም 26 ጀምሮ በአፍንጫዋ ብቻ ነበር የምትዳኘው። የጣዕሙን ነጥብ እኔ በጣቴ ቁጥር አሳያታለሁ። በአፍንጫዋ ከእኛ ምላስ ትበልጥ ነበር። ከተነገረ ቡድኑ ይሰረዛል ብዬ ነው ዝም ያልሁት።»

ቀለመወርቅ ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«እንግዲህ ቅቤው አልገደላትም» አለ ዋልልኝ። «ወደ አፏ የገባው ዳቦና ውሃ ብቻ ነው። ዳቦው ከአንድ ሳህን ነው፤ ሦስቱም በልተዋል። የቀረው ውሃው ነው። ኩባያ ደግሞ በስም ነው፤ ከሦስቱ የታጠበው የእሷ ብቻ። መርዙ ሳህኑ ላይ የተነሰነሰው፣ ቅቤውም ከንፈሯ ላይ የተቀባው ከሞተች በኋላ ነው። መምህሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጀርባዋን ሲያዩ ሞታ ነበር።»

«ማን ቀባት?» አሉ እመት የሺ።

«መጾሟን የማያውቅ ሰው፣ እናቴ። የሚያውቅ ሰው ቅቤ በላች ብሎ ሊያሳምነን አይሞክርም። ናትናኤል ያውቃል። ጥሩነሽ አብራት ታድራለች፤ ምን እንደምትበላ በየቀኑ ታያለች። ሁለት ሰው ቀረ። መምህሩ አያውቁም ነበር፤ ትውጣለች ብለው ጮኸውባታል። ግን 417 የቤታቸው ቅቤ መሆኑንም አያውቁም። ቢያውቁስ፣ ከአራት ሳህን መርጦ በገዛ ሚስቱ ቅቤ ላይ መርዝ የሚያደርግ ማን ነው? ያን ሳህን መርጦ መምህሩን ማስያዝ የሚችለው ቁጥሩን ያወጣው ሰው ነው።»

ወደ አያሌው ዞረ።

«ሌሎቹ ሲጉመጠመጡ ይተፋሉ» አለው ዋልልኝ። «እሷ የምትተፋው ስላልነበራት ውሃውን ትጠጣዋለች። ውሃ ስትቀዳ በየቀኑ አይተሃታል። ለምን እንደምትጠጣው አንድ ቀን ብትጠይቃት ኖሮ ቅቤውን አትቀባትም ነበር።»

«ይህ ሁሉ ግምት ነው።»

«ረስቼዋለሁ ብለህ ቀኑን ከነሰዓቱ ነገርኸኝ። የረሳ ሰው እንዲህ አይናገርም። ነሐሴ 28 የቀረበው የማን ቅቤ ነበር?»

ጉሙ መስኮቱን ሞልቶት ነበር። አያሌው ሲናገር ድምፁ ከፍ አላለም።

«የእናቴ። የፈንታነሽ። አንበሳሜ ላይ በቅቤ ስሟ የተጠራ ሴት ነበረች። ታማ ሳለ ናጠችው፣ የመጨረሻዋ ነው፤ ይመስገንልኝ ብዬ ቁጥር ሰጥቼ አቀረብሁት። ይቺ አሸተተችና፣ ‹ይህን የናጠች ሴት እጇ ከሞተ ቆይቷል› አለች። መምህሩ ሳቁ። ያን ቀን ብቻ አይደለም፤ ከዚያ ወዲህ ሳህን ባቀረብሁ ቁጥር፣ ‹የዛሬው እጅስ በሕይወት አለ?› ይሉኛል። እናቴ መስከረም 19 ሞተች።»

«የአንተ መሆኑን አላውቅም ነበር፣ አያሌው» አለ ቀለመወርቅ። «ቀልድ ነው።»

«የማንም ይሁን፣ የሰው እናት ነበረች።»

ፖሊሶቹ ከቀለመወርቅ እጅ ላይ ካቴናውን ፈትተው አያሌውን አሰሩበት። እመት የሺ ተነሥተው ዋልልኝ ፊት ቆሙ።

«ስለቷን አላፈረሰችም?»

«አላፈረሰችም።»

ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ወደ አያሌው አንዴም አልዞሩም።

ቀለመወርቅ የእጁን አንጓ እያሻሸ የሆነ ነገር ሊል ወደ ዋልልኝ ተጠጋ፤ አያሌው ቀደመው። ካቴናውን ሳይሆን የዋልልኝን ፊት ነበር የሚያየው፤ እዚያ የሆነ የሚያውቀውን ነገር ያገኘ ይመስል።

«ሳጅን፣ አንቱ ያን ቀን ሲያነሱብኝ ዓይንዎን አይቻለሁ። በእውነት ይንገሩኝ፤ አንቱ ቢሆኑ ይረሱት ነበር?»

ዋልልኝ የጻፈበትን ወረቀት አጠፈ፣ ኪሱ ከተተ፣ በሩን ከፍቶ ወደ ጉሙ ገባ።