የእማማ ወርቄ ሁለት ቃላት

ያላመነኝን ሰው አልቀየምም። እኔም ከሌላ ሰው አፍ ብሰማው አላምንም ነበር።

ግን ሆኗል። ቦታው የካ አባዶ ነው። ሰዓቱ ደግሞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት... ፀሐይ አናት የምትበሳበት ሰዓት።

ራህማ እባላለሁ። ያኔ፣ በ2007፣ በንግግር ሕክምና ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነበር። ስትሮክ መትቷቸው ቃላት የጠፉባቸውን ሰዎች እንደገና ማናገር፣ የሚበሉትንና የሚጠጡትን በደህና እንዲውጡ ማለማመድ... ሥራችን ይሄ ነበር። ለመመረቅ አንድ ታካሚ ቤቱ ድረስ እየሄድን መርዳት ነበረብን።

ለእኔ እማማ ወርቄ ደረሱኝ።

መገናኛ የባቡሩ ሥራ ገና ስላላለቀ ሰፈሩ ሁሉ ተቆፍሯል። አቧራ እየቃምኩ ተሰልፌ፣ በሚኒባስ ተጉዤ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ ወረድኩ። እማማ ወርቄ ድሮ ያን መሬት ያርሱ ከነበሩት ቤተሰቦች ናቸው። ልጃቸው ጅሬኛ በግቢያቸው አዲስ ቤት ሠርቷል።

በሩን የከፈተልኝ እሱ ነው። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። ጨዋ፣ ድምፀ ለስላሳ ሰው።

"እማዬን ካናገርሽልኝ ውለታሽን አልረሳም፣ እህቴ" አለኝ።

ክፍሉ አዲስ ነው። ሴራሚኩ ያብለጨልጫል። አንድ ነገር ግን ገረመኝ...

አልጋው ግድግዳ አልተጠጋም። ክፍሉ መሀል ላይ ቆሟል።

ጅሬኛ ጫማውን አወለቀ። ግድግዳውን ታክኮ፣ ጥግ ጥጉን ዞሮ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። መሀሉን አልረገጠም።

"አልጋው ለምን መሀል ሆነ?" አልኩት።

"እዚያ ነው የምትፈልገው። ስናነሳት ትጮሃለች።"

የእማማ ወርቄ ቀኝ ጎን አይንቀሳቀስም። ግራ እጃቸው ግን ከአልጋው ተንጠልጥሎ ወለሉን ይቧጥጣል።

ቀስ ብሎ... ሳያቋርጥ...

ጥፍሮቻቸው አልቀው ሥጋው ይታያል።

"ስምዎ ማን ነው፣ እማማ?"

"ኢሊሊ።"

ማንኪያ አሳየኋቸው። "ይሄስ ምንድን ነው?"

"ኢሊሊ።"

አልደነገጥኩም። ስትሮክ ሁሉንም ቃል ወስዶ አንድ ብቻ የሚተውላቸው ሰዎች አሉ። ለሁሉም ነገር ያችኑ ቃል ይላሉ።

ጅሬኛ ሳቅ አለ። "ኢሊሊ በኦሮምኛ አበባ ማለት ነው። እማዬ አበባ ስትወድ ለጉድ ነው።"

እኔ ኦሮምኛ አልችልም። አመንኩት።

በሚቀጥለው ጊዜ ከመገናኛ ቀይ ጽጌረዳ ገዝቼ ሄድኩ። ደስ ይላቸዋል ብዬ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩት።

እማማ ወርቄ አበባውን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። ከዚያ ልጃቸውን...

አበባውን ጨምድደው ወረወሩትና አለቀሱ። ድምፅ የሌለው ለቅሶ ነው፤ እንባው ብቻ ወደ ጆሯቸው ይወርዳል።

ጅሬኛ አበባውን በጣቶቹ ጫፍ አነሳው። "ደስ ብሏት ነው" አለኝ።

ተስፋ አልቆረጥኩም። መናገር ያቃተው ሰው አንዳንዴ መዝፈን ይችላል። ዜማው ቃሉን ጎትቶ ያወጣዋል። ግራ እጃቸውን ይዤ እየመታሁ አብሬያቸው አንጎራጎርኩ። በየሳምንቱ እየሄድኩ እንዲህ አደረግን።

አንድ ቀን በዜማው መሀል አዲስ ቃል ወጣ።

"ኢሊሊ... ጀላ..."

ከወንበሬ ዘልዬ ተነሳሁ! ለተማሪ ከዚህ በላይ ምን ደስታ አለ?

"ጀላ ምንድን ነው?" አልኩት ጅሬኛን።

መጀመሪያ እናቱን አየ።

"ጃለላ ማለቷ ነው። ፍቅር። አበባ እወዳለሁ እያለች ነው።"

"ጎበዝ፣ እማማ! አበባ እወዳለሁ!" ብዬ አጨበጨብኩላቸው።

እማማ ወርቄ ያዩኝን አስተያየት እስካሁን አልረሳውም። የሚሰምጥ ሰው ዳር ላይ ቆሞ የሚያጨበጭብለትን ሰው እንደዚያ ነው የሚያየው።

ልወጣ ስል ጅሬኛ እስከ በሩ ሸኘኝ።

"እንደዚህ ከሄደች ሁሉንም ነገር ትናገራለች ማለት ነው?"

"ትናገራለች! አእምሯቸው ደህና ነው እኮ። ሁሉንም ያስታውሳሉ። የጎደላቸው ቃሉ ብቻ ነው።"

"ደስ ይላል" አለ። "ደስ ይላል።"

ከዚያ ስለ ምግባቸው ጠየቀኝ። ልጅ ነው፣ ለእናቱ ተጨንቆ ነው ብዬ አስረዳሁት። ጉሮሯቸው ደክሟል፤ ውሃ እንዲሁ ከሰጧቸው ወደ ሆድ ሳይሆን ወደ ሳንባ ይገባል፤ አጥሚቱን አወፍራችሁ፣ ቀና አድርጋችሁ፣ በትንሽ በትንሹ ስጧቸው አልኩት።

"ውሃው ሳንባ ሲገባ ታስላለች አይደል?"

"ችግሩ እሱ ነው። እሳቸው አያስሉም። ዝም ብሎ ነው የሚገባው።"

"ሳታስል?"

"ሳያስሉ።"

"ማንም ሳይሰማ..." አለ ቀስ ብሎ፤ ለራሱ እንደሚነግር ሰው።

በማግስቱ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ምሳ ስንበላ፣ ለአስተማሪዬ ላሰማ የቀዳሁትን የእማማ ወርቄን ድምፅ ለመገርሳ ከፈትኩለት። መገርሳ የክፍል ጓደኛዬ ነው። ሱሉልታ ነው ያደገው፤ ኦሮምኛ አፍ መፍቻው ነው።

"ስማ፣ አበባ እወዳለሁ ሲሉ!"

ሰማ። መልሶ ሰማ። ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ማን ነው የተረጎመልሽ?"

"ልጃቸው።"

"ራህማ፣ ጃለላ አላሉም እኮ። ጀላ ነው ያሉት። ጀላ ማለት ስር ነው። ከታች።"

"አበባ... ከታች?"

"ኢሊሊ አበባ ነው፣ ልክ ነሽ። ግን..." ስልኩን መለሰልኝ። "የሴት ስምም ነው።"

ምሳውን ትተን ተነሳን።

የካ አባዶ ስንደርስ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ከሚኒባሱ መውረጃ አጠገብ ጋሽ ገብረወልድ የሚባሉ ባለሱቅ አሉ። መገርሳ ውሃ ገዝቶ እንደ ቀላል ነገር ጠየቃቸው።

"ጋሼ፣ እዚህ ሰፈር ኢሊሊ የምትባል ሴት አለች እንዴ?"

"የጅሬኛ ሚስት? ዱባይ ሄደች እኮ! ሳትሰናበተን። አሁን እማማ ወርቄ የተኙባትን ክፍል እያሠሩ ሳለ ነው የሄደችው። እሳቸውም ከዚያ ወዲያ ነው የታመሙት... ሐዘን ነው የጣላቸው።"

እኔና መገርሳ ተያየን።

ሮጥን።

የግቢው በር ክፍት ነበር። ጅሬኛ ጫማውን አውልቆ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። የእናቱን አንገት ወደ ኋላ አዘንብሎ ይዟል። በሌላው እጁ ብርጭቆ...

ውሃ።

በዝግታ፣ ጠብታ ሳያፈስ፣ እንደ ሕፃን እያጠጣቸው ነበር።

"ምን እያደረግህ ነው?!"

"ጠምቷት ነው" አለ። ፈገግ ብሎ። "አየሽ? ልክ እንዳልሽው... አታስልም።"

መገርሳ ገፈተረው። ብርጭቆው ሴራሚኩ ላይ ወድቆ ተሰበረ። እማማ ወርቄን ቀና አደረግኳቸው። ደረታቸው ውስጥ ውሃው ይንቆረቆራል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ስንት ብርጭቆ እንዳጠጣቸው አላውቅም።

መገርሳ ተሸክሟቸው አስፋልት ድረስ ወጣ። ታክሲ ውስጥ ጭንቅላታቸው ጭኔ ላይ ነበር። ግራ እጃቸው እጄን ጨበጠው። በያዘኝ እጅ ጉልበቴን መታ መታ አደረጉት... ያለማመድኳቸውን ዜማ።

እያንጎራጎሩ ተናገሩ።

"ኢሊሊ... ጀላ... ጂርቲ።"

ከታመሙ ጀምሮ የተናገሩት የመጀመሪያው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ይሄን ለመስማት ነበር የደከምኩት።

መገርሳ ፊቱ አመድ መሰለ።

"ምን አሉ?"

"ኢሊሊ ከስር አለች።"

"ተቀብራለች ማለታቸው ነው?"

"አይደለም" አለኝ በሹክሹክታ። "አለች ነው ያሉት።"

እማማ ወርቄ በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ አረፉ። ሐኪሙ የሳንባ ምች ነው አለን። ስላየነው ነገር ስንነግረው ትከሻውን ሰበቀ። "ቤተሰብ ሳያውቅ ውሃ ይሰጣል። ስንቱን አየሁ..."

ሳያውቅ!

ለቅሶ ሄድኩ። ድንኳኑ ሙሉ ነው። ጅሬኛ ጋቢ ለብሶ ከፊት ተቀምጧል፤ ዓይኑ በለቅሶ አብጧል። ሰዉ "እንዲህ ያለ ልጅ የታለ? ከአጠገቧ ሳይለይ!" ይላል።

ሳላስበው ወደ ክፍሉ ገባሁ።

አልጋው ተነስቷል። ጫማዬን አውልቄ ስሄድ ሴራሚኩ እግሬን እንደ በረዶ ያቀዘቅዘዋል። መሀሉ ላይ ስደርስ ግን...

ሞቀኝ።

ተንበርክኬ በመዳፌ ነካሁት። አንድ ሰው የሚተኛበት ስፋት ያህል ብቻ ነው። ፀሐይ አይገባበትም። ሰው አሁን የተነሳበት ፍራሽ ይመስላል።

"እዚያ ላይ አትቁሚ።"

ጅሬኛ በሩ ላይ ቆሟል።

"ለምን?"

"አትወድም።"

ግድግዳውን ታክኮ መጣና ጆሮዬ ስር ጎንበስ አለ።

"አንቺን አመሰግናለሁ። ባታስረጂኝ ኖሮ ምን አደርግ ነበር?"

ጫማዬን በእጄ ይዤ ወጣሁ።

ከመገርሳ ጋር ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። የቀዳሁትን ድምፅ አሰማን። የጣቢያው ሰው ሁለቴ አዳመጠው። "የታመመች አሮጊት ሁለት ቃል ይዤ የሰው ቤት ላፈርስ?" አለን። ደጋግመን ስንለምነው፣ ሁለት ፖሊሶች አብረውን እንዲሄዱ ፈቀደ።

ጅሬኛ ደጅ ድረስ ወጥቶ ተቀበለን። ለፖሊሶቹ ለስላሳ መጠጥ ከፈተላቸው። ሚስቱ ከዱባይ ትደውላለች አላቸው። ክፍሉን አዩ፣ ወለሉን በጫማቸው ኳ ኳ አደረጉት። አንዱ ፖሊስ ብቻ መሀሉ ላይ ሲደርስ እግሩን ቶሎ አነሳ። ምንም ግን አልተናገረም።

ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መቆፈር አይቻልም አሉን። ትእዛዙ እስከ ዛሬ አልወጣም። እኔም ትምህርቱን አልጨረስኩም። ሰው ጉሮሮ ላይ እጄን ማሳረፍ አቃተኝ።

ያን ቀን ስንወጣ ፖሊሶቹ ቀድመው መኪናቸውን አስነሱ። መገርሳ "ነይ እንጂ!" ይለኛል። እኔ ግን ግቢው መሀል ላይ ቆሜ ወደ ኋላ ዞርኩ።

የክፍሉ መስኮት መጋረጃ የለውም።

ጅሬኛ መሀሉ ላይ በሆዱ ተኝቷል። ጉንጩን ሴራሚኩ ላይ አስደግፏል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል... በለሆሳስ ያወራል።

ዝም አለ። አዳመጠ።

ራሱን ነቀነቀ፤ እሺ እንደሚል ሰው።

አሁንም አዳመጠ።

ከዚያ፣ ጆሮውን ከወለሉ ሳያነሳ፣ ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። "የትኛዋ ናት?" ተብሎ እንደተጠየቀ ሰው... እጁን ቀስ አድርጎ ዘረጋና በጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ።