የኢንግሪድ ሶልቤርግ ሳጥን

ኢንግሪድ ሶልቤርግ ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ እንደተደፋች ሞታ ተገኘች። ከፊቷ የመድኃኒት ሳጥኗ ተቀምጧል። በውስጡ የነበረውን የልብ መድኃኒት አንድ ሰው አውጥቶ በሚገድል ክኒን ተክቶታል፤ ክዳኑ ላይ ግን ጭረት እንኳ የለም።

የዱሉት ከተማ ፖሊሶች ጥርጣሬ ካሳንድራ ላይ ወደቀ። ሳጥኑን የነደፈችው፣ አከፋፈቱንም የምታውቀው እሷ ናት። የኢንግሪድ ሥራ ደግሞ ሰዎች ለአንድ ዕቃ ያላቸው ስሜት በጊዜ ብዛት እንዴት እንደሚለወጥ ማጥናት ነበር፤ ይኼንንም ሳጥን «በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ይወደዋል፣ ከወራት በኋላ ይረግመዋል» ብላ ለገበያ እንዳይወጣ አግዳው ነበር። ሁለቱ በሰው ፊት ተጣልተዋል። ካሳንድራ ዛሬ ከታሰረች ልጆቿን የሚያሳድግላት የለም።

መርማሪ ቬራ ክሩገር ግን ነገር ቶሎ ሲገጥምላት ደስ አይላትም። የሟቿን የሥራ ባልደረባ ሌኒ ማኪን ጠየቀችው። ኢንግሪድ ሳጥኑን ቤቷ ወስዳ በራሷ ላይ ስትሞክረው መክረሟን ነገራት።

«ምን እንከን አገኘችበት?»

«ለእኔም አልነገረችኝ። ጥናቱ ሳያልቅ ትንፍሽ አትልም። ግትር ነበረች፣ ነፍሷን ይማርና።»

ከኢንግሪድ ተለይቶ የሚኖረው ባሏ ዱዌይን ደግሞ ከቤቱ የወጣው ሳጥኑ ከመምጣቱ በፊት መሆኑን፣ ከዚያ ወዲህ ደጃፉን እንዳልረገጠ፣ ሳጥኑንም በዓይኑ እንዳላየው ምሎ ተገዘተ። ፍቺው ስላላለቀ ቤቱ አሁን የእሱ ነው።

ቬራ ከሰዓቱን ሙሉ ከሳጥኑ ጋር ስትታገል ዋለች። ከዚያ ሦስቱንም ወጥ ቤቱ ውስጥ ሰብስባ ተራ በተራ እንዲከፍቱት ጠየቀች። ካሳንድራ ቁልፉን ተጭና ክዳኑን ገፋችው፤ አልተንቀሳቀሰም። ፊቷ ቀላ።

«እንዲህ አልነበረም። በአንድ ጣት ነበር የሚከፈተው» አለች።

ሌኒ ክዳኑን ወደ ላይ ጎትቶ ጎትቶ ተወው።

«ይኼ ሁሉ ትያትር ለምንድን ነው?» አለ ዱዌይን፤ ቬራን እያየ በመዳፉ የሳጥኑን ግራ ጎን መታ አደረገና ቁልፉን ተጭኖ ገፋው። ተከፈተ።



«ሲቆይ ይጣበቃል» አለች ቬራ። «ካሳንድራ የምታውቀው አዲሱን ነው፤ ሲያረጅ ምን እንደሚሆን አታውቅም። ሌኒ ከነጭራሹ አያውቀውም። እንዲህ መመታት እንዳለበት ለማወቅ እኔ ከሰዓቱን ሙሉ ፈጅቶብኛል። እርስዎ ግን ዞር ብለው እንኳ ሳያዩት ከፈቱት። እጅ እንዲህ የሚለምደው ደጋግሞ ሲሠራው ነው። እዚህ ቤት ይመላለሱ ነበር፣ ክኒኑንም የቀየሩት እርስዎ ነዎት።»

ዱዌይን የተከፈተውን ሳጥን ትክ ብሎ አየው። የሚክድበት ነገር አልቀረውም።

«እንታረቅ ብላ እሁድ እሁድ ትጠራኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «እጇን ሲቆረጥማት ክኒኗን የማወጣላት እኔ ነበርኩ። የት ጋ እንደሚመታ ያሳየችኝ ራሷ ናት።»