ከኋላ አይመጣብኝም

መስታወት ቆራጩ ያን ቀን ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ አፍንጫው ጤነኛ ነበር።

ወደ ካራቴ ማሰልጠኛው የሄደው የተሰነጠቀውን የግድግዳ መስታወት ሊለካ ነው። በሩ ክፍት ነበር። ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ወጣት ጀርባዋን ሰጥታ ወለል ትወለውላለች። እሱ ጨዋ ነገር ስለሆነ ጮኾ መጥራት አሳፈረው። ቀስ ብሎ ቀረበና በሜትሩ ጫፍ ትከሻዋን ነካ አደረጋት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ራሱም በደንብ አያስታውሰውም። አፍንጫውን በሁለት እጁ ይዞ ወለሉ ላይ ተቀምጧል፤ ደሙ አሁን በጸዳው ጣውላ ላይ ጠብ ጠብ ይላል።

«ምን ዓይነት ሰው ነሽ አንቺ!»

«አንተስ? አፍ አልፈጠረብህም?»

«መስታወት ልለካ ነው የመጣሁት!»

«መስታወቱ ያለው ግድግዳው ላይ ነው። እኔ ትከሻ ላይ ምን ትፈልጋለህ?»

የምትወለውልበትን ጨርቅ ወረወረችለት። አፍንጫውን ሊጠርግበት ሲያነሳው ዓይኗን አፈጠጠች።

«ወለሉን!» አለች። «አሁን ነው የጨረስኩት።»

ፍቅር በፈገግታ ይጀምራል የሚሉ ሰዎች ይህችን ልጅ አያውቋትም። ይቅርታ እንኳ አልጠየቀችውም። ለክቶ ሊወጣ ሲል ብቻ ከበሩ መለሰችውና፣ «ከኋላ አይመጣብኝም» አለችው። «ለሌላ ጊዜ እንድታውቀው።»

እሱ ያበጠ አፍንጫውን ይዞ ወደ ሱቁ ሲመለስ ያሰበው ስለ አፍንጫው አልነበረም። ለሌላ ጊዜ ብላለች፤ እንግዲያው ሌላ ጊዜ አለ ማለት ነው።

የእሷ ነገር የቆየ ነው። ትምህርት ቤት ሳለች ቁንጫ ነበር የሚሏት። ኮስማና፣ አጭር፣ ድምፅ የሌላት ልጅ ነበረች፤ ያላት ሀብት እስከ ወገቧ የሚወርድ ጉንጉን ፀጉር ብቻ ነው። ከኋላዋ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረች፤ ሳቋ ከክፍል ክፍል ስለሚሰማ ሳቂታዋ ይሏታል። ሳቂታዋ ጉንጉኑን በድንገት ትጎትትና «ቁንጫ፣ ዝለይ!» ትላለች። ክፍሉ በሳቅ ያውካካል። ይህ የየቀኑ ነገር ነበር።

አንድ ቀን ጎተታው ቀለል አለባት። ዞር ስትል ጉንጉኑ ከነሰማያዊ ሪባኑ በሳቂታዋ እጅ ላይ ነው፤ መቀሱም እንዲሁ።

ቤት ገብታ የቀረውን ራሷ ቆረጠችው። ለእናቷ «ሞቀኝ» አለቻቸው። ያኔ ገና አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ብዙም ሳትቆይ በዚህ የካራቴ አዳራሽ በር ላይ ቆማ ተገኘች።

አሰልጣኙ ያኔም ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁሉም ጋሼ ይሏቸዋል።

«ምን ልትማሪ ነው የመጣሽው?»

«መማታት።»

«መማታትማ አህያም ትችልበታለች። እኔ የማስተምረው ማቆም ነው።»

ጋሼ አሮጌ ጋዜጣ በክር ጣሪያው ላይ ያንጠለጥላሉ። ተማሪው ባለ በሌለ ኃይሉ ቡጢውን ይሰነዝርና ወረቀቱ ጋ ሲደርስ ያቆመዋል። ወረቀቱ መወዛወዝ አለበት እንጂ መቀደድ የለበትም። እሷ ግን ትቀደዋለች። ንዴቷን ሁሉ እዚያ ላይ ታራግፋለች። «ዛሬም ዜናውን ጨረስሽው» ይሏታል ጋሼ፣ ሌላ ጋዜጣ እያንጠለጠሉ።

ቀስ በቀስ ወረቀቱ መቀደዱን ተወ። በየቡጢው ከሆድ የሚወጣውን ጩኸትም ለመደችው፤ መጀመሪያ የጮኸች ዕለት የገዛ ድምፅዋ አስደንግጧት አፏን በእጇ ይዛለች። ትምህርት ቤት በኮሪደሩ መሃል ቀና ብላ መሄድ ጀመረች። ሳቂታዋም ብትሆን ጨዋታው ስላልጣማት ተወቻት፤ በዓመቱ ከነቤተሰቧ ሰፈር ቀየረች። ቁንጫ የምትባለዋ ልጅ አድጋ ጥቁር ቀበቶ ታጠቀች፣ ሴቶቹን የምታሰለጥነውም እሷ ሆነች።

አንድ ነገር ብቻ አልለቀቃትም። ከፊት ለፊቷ የሚመጣባትን ሁሉ ቆዳው ላይ ስትደርስ ታቆማለች፤ ከኋላ ከመጣባት ግን እጇ አይሰማትም። ጋሼ ይህን ሲያዩ ራሳቸውን ይነቀንቁና፣ «ፊትሽ ጥቁር ቀበቶ ነው፤ ጀርባሽ ግን ገና ነጭ ነው» ይሏታል። የሚያሳፍራት ይኸው ነበር። ሰው ከኋላዋ መጥቶ ሊያቅፋት ቢሞክር ጥርሱን እንደምታረግፍ ስለምታውቅ፣ ማንንም አታስጠጋም።

መስታወት ቆራጩ አዲሱን መስታወት ይዞ ሲመጣ በሩ ላይ ቆመና በብረት ማስመሪያው መቃኑን ኳ፣ ኳ አደረገ።

«መጣሁ» አለ። «በፊት ለፊት ነው የመጣሁት።»

እሷ መወልወሏን ቀጠለች። እሱም ሥራውን ጀመረ። ቆይታ ቀና ስትል መስታወቱን በድሮው ቦታ ሳይሆን ከበሩ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ ሲያቆመው አየች።

«እዚያ ስቀለው ያለህ ማነው?»

«አፍንጫዬ» አለ፣ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ልክነቱን እያየ። «እዚህ ሲሆን ወለል ስትወለውዪ የሚገባው ሰው ይታይሻል።»

ሳቋ መጣባት። ለመደበቅ ወደ ባልዲው አጎነበሰች፤ ግን መስታወቱ አጋለጣት፣ እሱም አየ።

ከዚያ ወዲያ ያን መስታወት የመሰለ ተንከባካቢ ያገኘ መስታወት የለም። አንዴ ብሎኑ ላልቷል ይላል፣ አንዴ ጠርዙ ሊሞረድ ነው ይላል። በየሄደበት ደግሞ ያንኳኳል። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆማ ሲያያት ምሰሶውን፣ ሱቅ ውስጥ ሲያገኛት ባንኮኒውን ኳ፣ ኳ ያደርጋል። እሷ ያን ድምፅ ስትሰማ ትከሻዋ ወረድ ይላል።

«ሰው ሁሉ እያየህ ነው» አለችው አንድ ቀን።

«ይየኛ። ቡጢሽን የቀመስኩት እኔ ነኝ፤ እነሱ ምን አገባቸው?»

እወድሃለሁ አላለችውም፤ እሱ ዓይነት ቃል ከአፏ አይወጣም። መስታወት የበላውን ጣቱን ባየች ቁጥር ግን ፊቷን አኮሳትራ፣ «አምጣ እጅህን፣ እንዴት ያለህ ዝርክርክ ነህ!» እያለች ታስርለታለች። እሷም አስራ ከጨረሰች በኋላ እጁን ቶሎ አትለቀውም።

አንድ ቀን «እናቴ ልታይሽ ትፈልጋለች» አላት። ለምሳ ሄዱ።

በሩን ገና ሳያልፉ ከውስጥ ሳቅ ሰማች። ክው ብላ ቀረች። ያን ሳቅ ከሺህ ሳቅ መሃል ትለየዋለች።

«እህቴ ናት» አለ እሱ ደስ ብሎት። «እትዬ፣ ነይ ተዋወቂያት!»

ሳቂታዋ ወፈር ብላለች፣ አምሮባታል። ዓይን ዓይኗን እያየች ጨበጠቻት፤ አላወቀቻትም። ልጅቷ ተመልሳ መውጣት ፈለገች፤ እሱ ግን ከጎኗ ሆኖ በኩራት ፈገግ ብሏል። ተቀመጠች።

እናትየው ሳህኗን እየሞሉ ከላይ እስከ ታች ቃኟት። «ትደባደባለች የሚሉኝ ልጅ ይቺ ናት?»

«ታሰለጥናለች እማዬ።»

«ያው ነው። ያንተን አፍንጫ ያጣመመውስ ማነው?»

«ቀድሞም ጠማማ ነበር» አለ ሊያስቃቸው። የሳቀች እህቱ ብቻ ናት። ያ ሳቅ በተሰማ ቁጥር የልጅቷ ጀርባ ይሰቀጥጠዋል። በመጨረሻ መቀመጡ ሲያቅታት ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ማጀት ገባች። ገንዳው ላይ እንዳጎነበሰች ከኋላዋ የመጣ እጅ ማጅራቷን ጭምድድ አደረገው።

«ያዝኩሽ! ቁንጫ፣ ዝለይ!»

ሳህኖቹ ተከሰከሱ። ልጅቷ ስትዞር ቡጢዋ ቀድሟት ሄዷል፤ የሳቂታዋ ቅንድብ ላይ፣ ቆዳውን ብቻ ነክቶ፣ ቀጥ አለ።

ከዚያ ሳቂታዋ ጩኸቷን ለቀቀችው፤ እናትየው እየሮጡ ገቡ። «ልጄን ልትገድልብኝ! በገዛ ቤቴ!»

«ጨዋታ እኮ ነው!» አለች ሳቂታዋ እያለቀሰች። «አብረን ነው የተማርነው፤ ትዝ ስትለኝ ጊዜ ልቀልድ ብዬ ነው! ልጅነት ነበር፣ እኔማ ረስቼው!»

እውነቷን ነው። የወጋ ይረሳል፤ የተወጋ ነው የማይረሳው።

እሱ በሩ ላይ ቆሟል። የሚያየው የምታለቅስ እህቱንና የተሰነዘረ ቡጢ ነው። «ይቅርታ በያት» አለ።

«ማን፣ ማንን?»

«አንቺ፣ እህቴን። ምንም ቢሆን እንዴት እጅሽን ታነሺባታለሽ?»

እጇን አወረደች። ረጅም ጊዜ አየችው፤ የሚወዱትን ሰው ለመጨረሻ ጊዜ እንደሚያዩት ነበር አስተያየቷ።

«እጄ እንኳ ቆመ» አለችው። «አፍህ አልቆም አለ።»

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ያ ቡጢ ከኋላ ለመጣ ሰው ሲቆም የመጀመሪያው እንደነበር ትዝ ያላት እንባዋን ጠርጋ ከጨረሰች በኋላ ነው።

እሱ ያን ቀን እህቱን ፊት ለፊት አስቀምጦ ጠየቃት። «ምን አድርገሻት ነው?»

«ፀጉር ነው እንጂ ምን አደረግኳት! ፀጉር ደግሞ ያድጋል።»

«የምን ፀጉር?» ብሎ ገና ሳይጨርስ ራሱ አስታወሰው። የድሮው ቤታቸው፣ የእህቱ አልጋ፣ ከራስጌው ምስማር ላይ የተንጠለጠለ ጉንጉን ከነሰማያዊ ሪባኑ። ጓደኛዬ ሰጠችኝ ብላቸው ነበር። እሱ ያን ጉንጉን ጅራት አድርጎ በየክፍሉ ሲሮጥ እናቱ እንባቸው እስኪወርድ ይስቁ ነበር። አመመው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እህቱን አላናገራትም።

በማግስቱ አዳራሹ በር ላይ ኳ፣ ኳ አለ። በሩ አልተከፈተም። ከዚያም በየቀኑ እየመጣ አንኳኳ። እሷ ውስጥ ሆና ወለሉን ትፈትጋለች።

«አንቺ ልጅ፣ በር ይንኳኳል» አሉ ጋሼ።

«ነፋስ ነው።»

«ነፋስ ማስመሪያ አይዝም» አሉ፤ ግን አልገፉም።

አንድ ጠዋት በሩ ገርበብ ብሎ ሳለ ሳታንኳኳ የገባችው ሳቂታዋ ናት። ልጅቷ በመስታወቱ ውስጥ ስትገባ አየቻትና ሳትዞር ጠበቀቻት።

«ወንድሜ ቤት ሲገባ ፊቴን አያይም» አለች ሳቂታዋ እንደ መቆጣት ብላ። «እኔ ልለምንሽ አልመጣሁም። ጨዋታ ነበር፣ ታርቀናል በይውና ይለቅ።»

«ጨዋታ ነው ካልሽ እንጫወት። ጫማሽን አውልቂ።»

«ምን?»

«እዚያ፣ መስታወቱ የተነሳበት ባዶው ግድግዳ ጋ ቁሚ። ፊትሽን ወደ ግድግዳው። ጀርባሽን ስጪኝ።»

ሳቂታዋ እየሳቀች ቆመች። ልጅቷ ባዶ እግሯን ናት፤ ኮቴዋ አይሰማም።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አለች ሳቂታዋ። መልስ የለም። «የት ነሽ?» አሁንም ዝም። ሳቋ ቀጠነና ጠፋ። «ኧረ ተናገሪ! ምን ልታደርጊኝ ነው?» እጇ ሳታዘው ወደ ማጅራቷ ሄዶ ፀጉሯን ሸፈነ። «በቃ! በቃሽ በእናትሽ!» ብላ እየጮኸች ዞረች።

ልጅቷ አዳራሹ ማዶ፣ ባልዲው ጋ ቁጢጥ ብላ ጨርቅ ትጨምቃለች።

«እኔ ከዚህ አልተነሳሁም» አለች። «አንቺ ይቺን ታህል ቆምሽ። እኔ ክፍል ውስጥ በየቀኑ እንዲህ ሆኜ ነው የተማርኩት።»

ሳቂታዋ ጫማዋን በእጇ ይዛ እስከ በሩ ሄደችና ቆመች። «ይቅርታ» አለች በአፍንጫዋ።

«አልሰማሁም።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ!»

«ሰማሁ።»

ይህን ታሪክ የሚሰማ ሰው እዚህ ላይ ተቃቅፈው ተላቀሱ ቢባል ይወዳል። አልተቃቀፉም። ይቅር ብያለሁም አላለቻትም። ሳቂታዋ ወጣች፣ ልጅቷ የረገጠችበትን ወለወለች።

ከሰዓት በኋላ ኳ፣ ኳ ሲል ግን ራሷ ሄዳ ከፈተች። ከስቷል። ለመግባት አልሞከረም።

«ያን ጉንጉን ጅራት አድርጌ ቤት ውስጥ ሮጬበታለሁ» አለ። «የማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ግን ሮጫለሁ። ያን ዕለት ደግሞ አንቺን ሳልጠይቅ ፈረድኩብሽ። ይህን ልነግርሽ ነው የመጣሁት፤ ሂድ ካልሽኝ እሄዳለሁ።»

ሂድ ልትለው አፏን ከፈተች። ቃሉ አልወጣም። ሳይከፈትለት በየቀኑ መጥቶ ያንኳኳበትን መቃን አየችው፤ ቀለሙ ተልጧል። ወደ ባዶው ግድግዳ ሄደች፤ ፊቷን አዞረች፣ ጀርባዋን ሰጠችው።

«ማስመሪያህን መሬት አስቀምጥ» አለች። «ና። ሳታንኳኳ።»

«አፍንጫዬስ?»

«እሱን ራስህ እወቅበት።»

እርምጃው ቀረበ። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጣ፤ ጡጫዋ ተጨበጠ። ትንፋሹ ጆሮ ግንዷን ሲነካት ዓይኗን ጨፈነች፣ ግን አልዞረችም። መዳፉን ቀስ አድርጎ ማጅራቷ ላይ፣ ያ ሁሉ ጎተታ ባረፈበት ቦታ ላይ፣ አሳረፈው። ቆይቶ ጡጫዋ ራሱ ተፈታ።

«እጅህ ይሻክራል» አለች።

«መስታወት ነው» አለ።

«አታንሳው።»

ጋሼ ያኔ ብቅ አሉ። ሁለቱንም አዩ፣ ማንኳኳት እንደነበረባቸው ትዝ አላቸው፣ በእግራቸው ጣት ጫፍ ተመልሰው ወጡና በሩን ኳ፣ ኳ አደረጉ።