ትራስ ይዛችሁ ኑ

«ትራሱ ግን ለምንድነው?» አለ አባቷ፣ ስልኩን ከዓይኑ አርቆ እንደያዘ።

መብረቅ ክው አለች። ይህን ቅጽል ስም ያወጡላት የክፍል ጓደኞቿ ናቸው፤ ስትጽፍ ጣቶቿ ስለማይታዩ። ዛሬ የትምህርት ቤቱን ስብሰባ ጥሪ ለሁለት መቶ አሥራ አራት ወላጆች የላከችው እሷ ነበረች። ያውም እንደ ሰው ኢሜይል ከፍታ ሳይሆን፣ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ጥቁር መስኮት ላይ አንድ መስመር ትዕዛዝ ጽፋ። ደብዳቤውንም ኤችቲኤምኤል በሚባለው የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ አስጊጣው ነበር፤ ርዕሱ ሰማያዊ፣ ሰዓቱ በደማቅ ፊደል።

አባቷ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከትምህርት ቤት የመጣ ጽሑፍ አንድ ፊደል አያልፍም። ቅንፉንም የቀለም ቁጥሩንም ጮክ ብሎ እያነበበ ወረደና እዚያች ቦታ ደረሰ፦ «እዚህ ጋ ርዕሰ መምህርቷ ይናገራሉ። ትራስ ይዛችሁ ኑ።»

ይህቺ ለጓደኛዋ ማሳቂያ የተጻፈች ስውር ማስታወሻ ነበረች። በሁለት ምልክቶች መሃል የተጻፈ ነገር ለጻፈው እንጂ ለተቀባዩ አይታይም። መብረቅ ግን ስትልክ «ይህ ኤችቲኤምኤል ነው» የምትለውን መስመር ረስታለች። ስለዚህ ደብዳቤው ገበሩ ወደ ውጭ እንደተገለበጠ ኮት ሆኖ ወጣ።

ጓደኛዋ «መጀመሪያ ለራስሽ ልከሽ እዪው» ብሏት ነበር። ሁሉን ነገር «ቆይ» ስለሚል ስሙ ቆይ ሆኖ ቀርቷል። እሷ ደግሞ ስቃበት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ርዕሰ መምህርቷ ሁለቱን አስጠሩ። ደብዳቤው ታትሞ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። የትራሱን ነገር ማን እንደጻፈው ሲጠይቁ፣ ቆይ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቸኮለ፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ ቫይረስ ነው አለ። ርዕሰ መምህርቷ እፎይ አሉ። የኮምፒውተሩ ክፍል እስኪመረመር አንድ መንፈቅ ይዘጋል፣ ከዚያ በፊት ግን ማስተካከያ ይላክ ብለው አዘዙ። ልጆቹ ሊወጡ ሲሉ ወረቀቱን እያገላበጡ በቀስታ ጠየቁ።

«ንግግሬ ያን ያህል ይረዝማል እንዴ?»

መብረቅ በጣም አፈረች።

ማስተካከያውን ስትጽፍ የተረሳችውን መስመር ከሁሉ በፊት አስገባች። ከታች፣ በሁለቱ ምልክቶች መሃል ደግሞ «ትራሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ» ብላ ጨመረች። ቀለል አላት፤ ተናዝዛለች፣ የሚያይም የለም።

«አሁንስ ለራስሽ ትልኪያለሽ?» አለ ቆይ።

ላከች። ደብዳቤው አምሮበት መጣ። ርዕሱ ሰማያዊ ነው፣ ሰዓቱ ደማቅ ነው፣ ይቅርታዋ ግን የለም። መብረቅ ባዶውን ቦታ ረጅም ጊዜ አየችው።

ከዚያ ወደ ጽሑፉ ተመልሳ የመክፈቻውን ምልክት አጠፋች። ቀጥላ የመዝጊያውን። ከሥሩም በቅጽል ስሟ ፋንታ እናቷ ያወጣችላትን ስም ጻፈች።

ቆይ ጸጉሩን አከከ። «እንግዲህ ቫይረሱ ቆይ ነው ብለሽ ጨምሪበት» አላት። ጨመረችበት።

የተቀባዮቹ ዝርዝር ውስጥ ርዕሰ መምህርቷ አንደኛ ናቸው። አባቷም አለ፤ እሱ ደግሞ አንድ ፊደል አያልፍም። ትዕዛዙን በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል ጻፈችና ላከችው።